የ50 ማዕድን ሮቦት

በ1989 ቴክኖሶፍት የተባለ የጃፓን ኩባንያ ለሴጋ ሜጋ ድራይቭ ሄርዞግ ዝዋይ የሚባል የጦርነት ጨዋታ አወጣ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በጨዋታው ገንዘብ አለ፤ በገንዘቡ ታንክና እግረኛ ይገዛበታል። ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ተጫዋቹ የያዛቸው ጣቢያዎች በበዙ ቁጥር ካዝናው በራሱ ጊዜ ይሞላል። ቆፋሪ የለም፣ ተሸካሚ የለም። ጠላትም ቢሆን ገንዘብ አምጪውን አድፍጦ ሊይዘው አይችልም፤ አምጪ የሚባል ነገር አልተፈጠረምና።

ከሦስት ዓመት በኋላ ይህን የቀየሩት የላስ ቬጋሶቹ ዌስትዉድ ስቱዲዮስ ናቸው። ብሬት ስፔሪ በፕሮዲውሰርነት፣ ጆ ቦስቲክ በፕሮግራመርነትና በንድፍ የሠሩበት ዱን ሁለት በ1992 መጨረሻ ወጣ። መነሻው የፍራንክ ኸርበርት የ1965 ልብ ወለድ ነው። አራኪስ በምትባል በረሃማ ፕላኔት ላይ ስፓይስ የሚባል ውድ ቅመም ከአሸዋው ይወጣል፤ የሚያወጡትም ግዙፍ ማሽኖች ናቸው፤ የማሽኖቹን ንዝረት ሰምቶ ደግሞ ከመሬት በታች ትል ይመጣል። ዌስትዉዶች ይህን ትእይንት ወስደው የጨዋታው ሞተር አደረጉት። ሃርቨስተሯ ከማጣሪያው ትወጣለች፣ ቀይ ወዳለው አሸዋ ትሄዳለች፣ ሆዷን ትሞላለች፣ ተመልሳ ታራግፋለች። መሣሪያ የላትም፤ ፍጥነትም የላትም። እሷ ከጠፋች ግን ታንክ መሥራት ያበቃል።

ያኔ ብዙ ዩኒት በአንዴ መርጦ ማዘዝ አይቻልም ነበር፤ አንድ በአንድ ነው። ታንኮቹን አንድ በአንድ ወደ ጦር ሜዳ ሲልክ የነበረ ተጫዋች ሃርቨስተሩን ትል እንደዋጠው የሚያውቀው ገንዘቡ መቆሙን ሲያይ ነው። የጦርነት ጨዋታን ከኋላ፣ ከጓዳ በኩል መሸነፍ እንደሚቻል ያስተማረው ይህ ጨዋታ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ይህንኑ ሐሳብ እየገለበጡ አዩት። በ1994 ብሊዛርድ ዋርክራፍትን ሲያወጣ ማሽኑን ትቶ ሰው አደረገው፤ ገበሬው ወርቅ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ ጆንያውን ተሸክሞ ይወጣል፣ እንጨትም ይቆርጣል፣ ቤትም ይሠራል። በ1995 ዌስትዉድ በኮማንድ ኤንድ ኮንከር ሃርቨስተሩን መልሶ አመጣ፤ ይኼኛው እግረኛ ወታደር መንገዱ ላይ ካገኘ ጨፍልቆት ያልፋል። መንገድ ላይ ግን ያው ሃርቨስተር ነው፤ ቅርብ ያለውን ማሳ ጨርሶ በጠላት ሰፈር በኩል ወደሚገኘው ሌላ ማሳ ሲንፏቀቅ ያላየ የዚያ ዘመን ተጫዋች የለም። በ1997 ደግሞ የክሪስ ቴይለር ቶታል አናይሌሽን ጭራሽ ለቃሚውን ሰረዘው። ዩኒቶቹ በሙሉ ማሽኖች የሆኑበት ጨዋታ ነው፤ ብረቱን የሚያወጣው ግን መሬት ላይ የተተከለ ማውጫ ነው፤ አይሄድም፣ አይመለስም። ገቢው እንደ ቧንቧ ውኃ ይፈሳል። ብልህ አሠራር ነው፤ ነገር ግን እዚያ ጨዋታ ውስጥ የሚያሳዝን ሠራተኛ የለም።

በዚህ መካከል ብሊዛርዶች ኅዋ ላይ የሚካሄድ ጨዋታ እየሠሩ ነበር። ስታርክራፍትን በ1996 ሎስ አንጀለስ ላይ በተካሄደው የኢ3 ትርኢት ይዘው ቀረቡ፤ ተመልካቹ ዋርክራፍትን ኅዋ ላይ ወስዳችሁ ነው እንጂ አዲስ ነገር የለም ብሎ አጣጣለው። ከብሊዛርድ ቀደምት ፕሮግራመሮች አንዱ የነበረው ፓትሪክ ዋያት በኋላ እንደጻፈው፣ የራሳቸውን ሥራ አቅልለው እንዲያዩ ያደረጋቸው እዚያው ትርኢት ላይ የታየ የሌላ ኩባንያ ጨዋታ ነበር፤ ያዩት ውብ ትርኢት አስቀድሞ የተቀረጸ ፊልም እንጂ እውነተኛ ጨዋታ እንዳልነበረ ያወቁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በሐሰተኛ ፊልም ደንግጠው እውነተኛ ጨዋታ ሠሩ ማለት ነው። የሞተሩን ብዙ ክፍል አፍርሰው እንደገና ጻፉት።

አዲሱ ስታርክራፍት ሦስት ወገኖች አሉት፤ ሦስቱም ማዕድንና ጋዝ የሚለቅም ሠራተኛ አላቸው፤ ሦስቱም ሠራተኞች በ50 ማዕድን ይሠራሉ። ልዩነቱ ቤት ሲሠሩ ይወጣል። የሰዎቹ ወገን የቴራን ሠራተኛ ኤስሲቪ ሕንፃው እስኪያልቅ ቆሞ ይበይዳል፤ እዚያው ቆሞ ሊገደልም ይችላል። የዘርግ ድሮን ራሱ ሕንፃ ይሆናል፤ ቤቱ ሲቆም ሠራተኛው የለም። ፕሮብ ግን የፕሮቶሶች ሮቦት ናት። ፕሮቶሶች በሥልጣኔ የላቁ ሕዝቦች ስለሆኑ ድንጋይ የሚያነባብር የላቸውም፤ ሕንፃው ከትውልድ ፕላኔታቸው ተልኮ ይመጣል። የፕሮብ ሥራ ቦታውን ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ብልጭ አድርጋ ትታው ትሄዳለች። አንዲት ፕሮብ ገንዘብ እስካለ ድረስ አሥር ሕንፃ አከታትላ አስጀምራ ወደ ማዕድኗ ልትመለስ ትችላለች። ድምፅዋም የሮቦት ነው፤ ቴራኑ ሠራተኛ ሲታዘዝ በሰው አፍ ይመልሳል፣ እሷ ግን ጩኸት ብቻ ታሰማለች። አቅሟን በተመለከተ 20 የሕይወት ነጥብና 20 የጋሻ ነጥብ አላት። ድሮን 40፣ ኤስሲቪ 60 የሕይወት ነጥብ አላቸው። የጋሻዋ ጥቅም ካመለጠች በኋላ በራሱ መሙላቱ ነው፤ ይህች ነገር ኋላ ላይ ኮሪያ ውስጥ ትልቅ ነገር ታመጣለች።

ጨዋታው ሊወጣ ሲቃረብ ትልቅ ችግር ገጠማቸው። ሠራተኞቹ ይጋጫሉ። ስታርክራፍት የዋርክራፍትን ሞተር መሠረት ይዞ የተሠራ ስለነበር መንገድ የሚፈልገው ኮድ ካርታውን በትንንሽ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል። ሥዕሉ ግን ዘንበል ብሎ የሚታይ ስለሆነ ቁርጥራጮቹና ሥዕሉ አይገጣጠሙም። ሃያ ሠራተኛ በጠባብ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ የትራፊክ ፖሊስ እንደሌለው መስቀለኛ መንገድ ይቆላለፋል። ማዕድን የያዘው መመለስ አይችልም፤ ባዶ እጁን የመጣው ማለፍ አይችልም፤ ገቢው ይቆማል።

የተገኘው መፍትሔ ከመፍትሔም ማምለጫ ነው። ዋያት ራሱ ከዓመታት በኋላ ሲተርከው አፍሮ አልደበቀውም። ሠራተኛ ወደ ማዕድን ሲሄድ ወይም ይዞ ሲመለስ ሌሎች ዩኒቶች እንደሌሉ ይቆጠራል፤ እርስ በርስ ያልፋሉ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ይሄዳል። ሥራው ሲቋረጥ ወይም ሌላ ትእዛዝ ሲሰጠው ወደ ተራ አካልነት ይመለሳል። ጨዋታው ላይ ጠጋ ብሎ ለሚያይ ሰው ይህ ግልጽ ነው፦ ሁለት ፕሮቦች አንድ ላይ ተደራርበው አንድ ይመስላሉ፤ ከዚያ ይለያያሉ። ተጫዋቾች ይህን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ጠላት መግቢያው ላይ ወታደር አቁሞ ቢዘጋው ፕሮቧን መርጦ ማዶ ያለ ማዕድን ላይ መጫን ነው፤ በወታደሮቹ መሃል አልፋ ትወጣለች። ሠሪዎቹ ጊዜ ስላጠራቸው ያበጁት ጥገና የጨዋታው ሕግ ሆኖ ቀረ።

ስታርክራፍት መጋቢት 31 ቀን 1998 ወጣ። አጀማመሩን ማየት ይገባል። ስክሪኑ ሲከፈት ኔክሰስ የሚባለው የፕሮቶስ ዋና ሕንፃ፣ አራት ፕሮቦችና 50 ማዕድን አሉ። 50 ማዕድን የአንድ ፕሮብ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ተወስኗል፦ አምስተኛዋን ማዘዝ። ቀጥሎ አራቱን ወደ አራት የተለያዩ ማዕድኖች መበተን ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ አይበትንልህም፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ብትልካቸው ተራ ይጠባበቃሉ። ባለሙያዎቹ ይህን ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። ፕሮብ በአንድ ምልልስ 8 ማዕድን ታመጣለች። በሰባተኛው ምልልስ የራሷን ዋጋ መልሳ ማትረፍ ትጀምራለች። ስለዚህ ከጨዋታው መጀመሪያ ላይ የተሠራች ፕሮብና ግማሽ ደቂቃ ዘግይታ የተሠራች ፕሮብ ልዩነታቸው እያደር ይሰፋል። አንዲት አዲስ ፕሮብ ስትወለድ ደግሞ ራሷ ሥራ አትጀምርም፤ ኔክሰሱ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። ጦር ሜዳ ላይ ያለው ሰው ዓይኑን መልሶ፣ ቤቱ ሄዶ፣ እሷን ማዕድን ላይ ጭኖ መመለስ አለበት። በየ13 ሰከንዱ ገደማ።

ይህን ድካም ጥበብ ያደረገችው ደቡብ ኮሪያ ናት። ከ1997ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ፈጣን ኢንተርኔትና ፒሲ ባንግ የሚባሉት የኮምፒውተር ቤቶች አገሪቱን ሞልተው ነበር፤ ስታርክራፍት እዚያ ቤቱን አገኘ። በ2000 ኦንጌምኔት የተባለ የጌም ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ፤ ተጫዋቾች ደመወዝተኛ ሆኑ፤ በ2004 ቡሳን ውስጥ ጓንጋሊ የባሕር ዳርቻ ላይ በተደረገው የሊግ ፍጻሜ 100,000 ሕዝብ እንደተገኘ ይነገራል። ካሜራው ሁልጊዜ ታላቁን ጦርነት ቢያሳይም ተንታኞቹ ከወንበራቸው የሚነሡት ሌላ ቦታ ነው። በአውሮፕላን የተጫነ ሪቨር የሚባል አንድ የፕሮቶስ ማሽን ከማዕድኑ መስመር ጀርባ ይወርዳል፣ አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ ጥይቱ 100 ነጥብ ጉዳት ያደርሳል፤ ፕሮብ ያላት በጠቅላላው 40 ነው። አምስት ስድስት ሠራተኛ በአንድ ብልጭታ ይሄዳል። ጦሩ አልተነካም፤ ጨዋታው ግን አልቋል።

ከዚያው ከኮሪያ የወጣ ሌላ ክፋት አለ፤ ማነር ፓይለን (የጨዋነት ፓይለን) ይሉታል፣ በምጸት። ፕሮቧ ጠላት ሰፈር ገብታ በዋናው ሕንፃና በማዕድኑ መሃል ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ 100 ማዕድን የሚፈጅ ፓይለን የሚባል ሕንፃ ትተክላለች። የጠላት ሠራተኞች አንዱ በሌላው ውስጥ ያልፋሉ እንጂ በሕንፃ ውስጥ አያልፉም፤ ስለዚህ ጥቂቶቹ ታስረው ይቀራሉ። ያችኑ ዓይነት ፕሮብ ሌላ ቀን ደግሞ በጠላት የጋዝ ምንጭ ላይ የራሷን የጋዝ ማውጫ ትሠራና ባለቤቱን ባዶ እጁን ታስቀረዋለች። ለቃሚ ተብላ የተሠራች ሮቦት ነበረች፤ ይህ ሁሉ በንድፉ ላይ አልነበረም።

የፕሮብን ነገር ጥግ ያደረሰው ኪም ቴክ ዮንግ ነው፤ በጨዋታ ስሙ ቢሱ። መጋቢት 3 ቀን 2007 ኤምኤስኤል በተባለው የኮሪያ ሊግ ፍጻሜ በዘመኑ ማንም አይጥለውም የተባለውን የዘርግ ተጫዋች ማ ጄ ዩንን 3 ለ 0 ረታው። እስከዚያ ቀን ፕሮቶስ በዘርግ ይበላል የሚለው አባባል እንደ ተፈጥሮ ሕግ ነበር የሚቆጠረው። ሰዎች በብዛት የሚያወሩት ስለ ተዋጊዎቹ፣ ስለ ኮርሴርና ስለ ጨለማ ቴምፕላሮቹ ነው። ከሁሉም በፊት ግን ቃኚዋ ፕሮብ አለች። ሌላው ተጫዋች ቃኚውን ልኮ ሲያይ ሲያይ ይሞትበታል፤ ቢሱ ግን አንዷን ፕሮብ ጠላት ሰፈር ውስጥ ለረጅም ደቂቃዎች በሕይወት በማቆየት ይታወቃል። ዘርግሊንግ የሚባሉት የዘርግ ተዋጊዎች ሲያሳድዷት በሕንፃዎቹ ዙሪያ ትሽከረከራለች፤ ጋሻዋ ሲያልቅ ትሸሻለች፤ ሲሞላ ትመለሳለች፤ ሥራ ላይ ያለ ድሮን ካገኘች ትነካዋለች። በዚያው ጊዜ ልጁ ቤቱን እየሠራ፣ አዲስ ፕሮቦችን አንድ በአንድ ማዕድን ላይ እየጫነ ነው። ለእኔ ከመጨረሻው ጦርነት ይልቅ ይህ ነው የሚያስደንቀው። ባላጋራው ምን እያዘጋጀ እንደሆነ ካወቀ በኋላማ ጦርነቱ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት 19 ቀን ብሊዛርድ ሴኡል ላይ ስታርክራፍት ሁለትን አስተዋወቀ። ከተሰሙት ዜናዎች አንዱ ትንሽ የሚመስል ነገር ነበር፦ አዲስ የተሠራ ሠራተኛ ራሱ ወደ ማዕድን ይሄዳል። ተጫዋቹ መመለስ አያስፈልገውም። የድሮው ጨዋታ ሰዎች በዚህ ተቆጡ፤ ያ ሁሉ የእጅ ሙያ ዋጋ አጣ፣ ማንም ሰው ቤቱን ማስተዳደር ይችላል አሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ቁጣው አስቂኝ ነው፤ ድካም ለምን ቀረ ብሎ የሚያለቅስ ወዛደር የት ይገኛል? ከውስጥ ግን አላበዱም። ያ ድካም በተጫዋቹ ትኩረት የሚከፈል ግብር ነበር፤ ግብሩ ሲነሣ ባለሙያውና ጀማሪው ይቀራረባሉ። ብሊዛርዶችም ሰምተው መሰል፣ ጨዋታው በሐምሌ 2010 ሲወጣ ለእያንዳንዱ ወገን በየጊዜው ወደ ቤት የሚያስመልስ ሌላ ሥራ ጨምረውበት ነበር። ለፕሮቶስ የተሰጠው ክሮኖ ቡስት ነው፤ ኔክሰሱን ተጭነህ የፕሮብ ሥራውን ታፈጥናለህ።

በአዲሱ ጨዋታ ፕሮብ በአንድ ምልልስ የምታመጣው 5 ማዕድን ነው፤ ዋጋዋ ያው 50። አጀማመሩም ከአራት ወደ ስድስት ሠራተኛ፣ በ2015 መጨረሻ ሌጋሲ ኦፍ ዘ ቮይድ ሲወጣ ደግሞ ወደ አሥራ ሁለት አደገ። ተመልካቹ ተሰላችቷል፣ ጦርነቱ ቶሎ ይጀመር ተባለ። ከዚህ ጋር ሁሉም የሚያውቀው አንድ ስሌት ጸና፦ በአንድ ቤዝ (ሰፈር) ስምንት የማዕድን ክምር አለ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሠራተኛ፣ አሥራ ስድስት። ለሁለቱ የጋዝ ምንጮች ሦስት ሦስት፣ ስድስት። በድምሩ 22። ከዚያ በላይ የሚሠራ ሠራተኛ እምብዛም አያመጣም፤ ሌላ ቤዝ ክፈት። ጨዋታው ራሱ ቁጥሩን ኔክሰሱ ላይ ጽፎ ያሳያል።

ይህን ስሌት የነካው ሰው አይደለም። የለንደኑ ዲፕማይንድ በ2016 ስታርክራፍት ሁለትን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ሊጠቀምበት እንደሆነ ከብሊዛርድ ጋር አስታወቀ፤ በነሐሴ 2017 የምርምር መሣሪያውን ለሁሉም ለቀቀ። የመጀመሪያው ውጤት አሳፋሪ ነበር። ሙሉውን ጨዋታ እንዲጫወቱ የተለቀቁት ፕሮግራሞች በጨዋታው ውስጥ ያለውን እጅግ ደካማ የኮምፒውተር ተጋጣሚ አንዴም ማሸነፍ አልቻሉም። ኩባንያው ካሳያቸው ቪዲዮዎች አንዱ ላይ ገና በሥልጠና ላይ ያለው ፕሮግራም ለማንኛውም ልጅ ቀላል የሆነውን ነገር ያቅተዋል፦ ሠራተኞቹን ማዕድን ላይ ማቆየት። ዝም ብሎ ቢተዋቸው ይሠሩ ነበር። አልተዋቸውም።

ሁለት ዓመት አልሞላም። ጥር 24 ቀን 2019 አልፋስታር የተባለው ፕሮግራም በፕሮቶስ ወገን ተሰልፎ ጀርመናዊውን ተጫዋች ቲኤልኦን 5 ለ 0፣ ፖላንዳዊውን ማናን 5 ለ 0 ያሸነፈባቸው ጨዋታዎች ታዩ። እያንዳንዱ ተጫዋች ፕሮግራም በ14 ቀን ሥልጠና ውስጥ እስከ 200 ዓመት የሚደርስ ጨዋታ ተጫውቷል። ተመልካቹን ያደናገረው ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። አልፋስታር 16 ላይ አይቆምም። ሁለተኛ ቤዝ ሳይከፍት ፕሮብ ይሠራል፣ ይሠራል፣ ከ20 በላይ ያልፋል። ተንታኞቹ መጀመሪያ እንደ ስሕተት አዩት፤ እየቆዩ ግን ሒሳቡ ገባቸው። ጠላት መጥቶ ሦስት አራት ቢገድል ማዕድኑ ላይ ያለው ቁጥር አይጎድልም፤ ሁለተኛው ቤዝ ሲከፈት ደግሞ ትርፎቹ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ዲፕማይንድም ቤዝን በተጨማሪ ሠራተኛ ማስፋት ፕሮግራሙ በሥልጠናው ሂደት ካገኛቸው ስልቶች አንዱ መሆኑን ገለጸ።

በዚያው ዕለት በቀጥታ ሥርጭት በተደረገው ተጨማሪ ጨዋታ ማና አሸነፈ። ያሸነፈበትም መንገድ የታወቀው ነው፤ ኢሞርታል የሚባሉ ሁለት ተዋጊ ማሽኖችን ዋርፕ ፕሪዝም በተባለ መጓጓዣ ጭኖ ከኋላ፣ ከሠራተኞቹ በኩል ወረደ። አልፋስታር ጦሩን በሙሉ መለሰ፤ ማና ጭኖ ወጣ። ጦሩ ተመልሶ ሲሄድ እንደገና ወረደ። ማሽኑ እንዲህ ሲመላለስ ማና ጦሩን ሠርቶ ጨረሰ።

በጥቅምት ወር የወጣው የኔቸር ጽሑፍ አልፋስታር በሦስቱም ወገኖች ደረጃ ከተሰጣቸው ተጫዋቾች 99.8 በመቶውን እንደሚበልጥ ዘገበ። ማና የተሸነፈባቸውን ጨዋታዎች ደጋግመው ያዩ የፕሮቶስ ተጫዋቾች ግን እስከዚያ አልጠበቁም፤ ቤዛቸው ላይ 16 ከሞላ በኋላም ኔክሰሱን ተጭነው አሥራ ሰባተኛዋን ፕሮብ ማዘዝ ጀምረው ነበር።